የኩሽ ወራሽ ማን ነው?

የጥንት ሥልጣኔ ከወደቀ ከብዙ ዘመን በኋላ «የእኛ ነው» የሚሉ አገሮችና ሕዝቦች ይነሣሉ። ውርስ በምን ይጸናል? በመሬት፣ በደም፣ በቋንቋ፣ በስም ወይስ በእምነት? በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ ከሁሉ አጉልቶ የሚያነሣው የኩሽ መንግሥት ነው። በወለጋ ከተሞች፣ በነቀምት፣ በጊምቢና በደምቢ ዶሎ፣ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ኩሻዊ ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑ፣ ራሳቸውን የኩሽ ልጆች አድርገው የሚቆጥሩ ኦሮሞዎች ብዙ ናቸው።

የኩሽ ማዕከል በዛሬዋ ሱዳን በአባይ ዳር ነበር። መናገሻው በመጀመሪያ ከርማ፣ ቀጥሎ ናፓታ፣ በመጨረሻ ሜሮዌ ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን የናፓታ ነገሥታት ግብፅን ይዘው 25ኛው ሥርወ መንግሥት ተባሉ። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰው ቲርሐቅ ከእነርሱ አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የአክሱም ንጉሥ ኢዛና ወደዚያ ምድር መዝመቱን በድንጋይ ላይ አስጽፏል።

የሱዳን ይገባኛል ባይነት በመሬት ላይ ይቆማል። ፒራሚዶቹ በምድሯ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ሕዝባዊ አመፅም ሰልፍ የወጡ ሴቶች በኩሽ ንግሥታት ማዕረግ «ከንዳካ» ተብለዋል። ኢትዮጵያ በስምና በእምነት ትቀርባለች። ብሉይ ኪዳን ወደ ግሪክ ሲመለስ «ኩሽ» የሚለው በብዙ ቦታ «ኢትዮጵያ» ተባለ፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጠመቀውን የንግሥት ህንደኬን ጃንደረባም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የራሷ የክርስትና ታሪክ መነሻ አድርጋ ትተርካለች። የኦሮሞ ጸሐፊዎች ደግሞ በቋንቋ ዝምድና ይቀርባሉ።

እያንዳንዱ መሠረት ሲፈተሽ ጠንካራም ደካማም ጎን ይገኝበታል። መሬት ቅርሱን የመጠበቅ ኃላፊነት ይሰጣል፤ ይሁንና ሰው ከቦታ ቦታ ይሄዳል፣ ቋንቋና ሃይማኖትም ይለወጣል፤ የዛሬ ነዋሪነት ብቻውን የጥንቱ ሰው ልጅነትን አያረጋግጥም። ስምም ከቦታ ቦታ ይሻገራል። ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ያሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ነበር። የቋንቋው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይሻል። «ኩሻዊ» የሚለው መጠሪያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት ከመጽሐፍ ቅዱሱ ኩሽ ወስደው የሰጡት ነው። የሜሮዌ ፊደል ድምፅ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከተፈታ በኋላ የተደረጉ ብዙ ጥናቶች ደግሞ የሜሮዌን ቋንቋ ከኑቢያ ቋንቋዎች ጋር በናይሎ-ሳህራን ቤተሰብ ይመድቡታል። ዝምድናው በቋንቋ ብቻ ይለካ ከተባለ፣ ብዙ ሊቃውንት በዚሁ ቤተሰብ የሚያስቀምጧቸው የወለጋ ጎረቤቶች፣ ጉሙዞችና ኮሞዎች፣ ከኦሮሞው ይልቅ ሊቀርቡ ነው። አንዱን ወገን ለማግለል የተነሣ ማስረጃ ራሱን ተናጋሪውን ከደጅ ሊያስቀረው ይችላል።

ብቸኛ ወራሽነትን መፈለግ የአንድ ወገን ጠባይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1955ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ንጉሣዊውን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ያወርድ ነበር፤ የመኖችም ያችኑ ንግሥት ቢልቂስ ብለው የራሳቸው ያደርጓታል። ግሪክና ሰሜን መቄዶንያ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 በፕሬስፓ ስምምነት ሌላ መንገድ መረጡ፤ «መቄዶንያ» የሚለው ስም ለሁለቱ ሕዝቦች የተለያየ ታሪክና ቅርስ እንደሚያመለክት በጽሑፍ ተቀበሉ። በአንድ ስም ሁለት ሕዝብ ሊጠራ እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ወለጋም የራሷ ምስክር አላት። በልጅነቱ ለባርነት የተሸጠው ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በአስቴር ጋኖ እገዛ ወደ ኦሮምኛ መለሰ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ መጥቶ ያስተማረው ኦነሲሞስ በ1931 በነቀምት አረፈ። ቋንቋው ኦሮምኛ፣ ፊደሉ የግዕዝ፣ ማተሚያው የአውሮፓ፣ መልእክቱ ከእስራኤል የመጣ ነው። ይህን መጽሐፍ ኦሮሞው የቋንቋው መሠረት፣ ወንጌላዊው የእምነቱ፣ ኢትዮጵያዊው የአገሩ ቅርስ ሊለው ይችላል፤ አንዱ የእኔ ሲል የሌላው ድርሻ አይጎድልም። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ በፊት የታተመ መጽሐፍ ይህን ያህል ወራሽ ካለው፣ ሺህ ዓመታት የኖረ መንግሥት ወራሹ አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በምዕራብ ኦሮሞ እምነት ሰፉ ሰው ለእያንዳንዱ ነገር ተገቢውን ክብርና ቦታ እንዲሰጥ የሚያዝ ሥርዓት ነው። ክርስትናም እስልምናም ሰው የያዘው ሁሉ አደራ መሆኑን ያስተምራሉ። ከዚህ አንጻር የቅርስ መብት የሚመዘነው በመጠበቅና እውነቱን በመናገር ነው። ሱዳን ፒራሚዶቹን የመጠበቅ፣ ኢትዮጵያ የአክሱምን ጽሑፎች የማስነበብ፣ ወለጋ የኦነሲሞስንና የአስቴርን ሥራ ለትውልድ የማስተላለፍ አደራ አለባቸው። በነቀምት ስለ ኩሽ የሚማር ልጅ ሊያኮራው የሚገባው ይህ አደራ ነው። መምህራንና የሃይማኖት አባቶች ኩሽን የጋራ ታሪክ አድርገው ያስተምሩት፤ ጎረቤትን ለማራቅ የሚነገር የጥንት ታላቅነት ውርሱን ያረክሰዋልና።