መብራትና ዘይት፤ በፈተናና በምርጫ መካከል ላለን ተማሪዎች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በምንኖርበት በአሜሪካ ሀገር በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል። «ሚድተርም» ማለት በአንድ በኩል በትምህርቱ ዘመን አጋማሽ የምንፈተነው ፈተና ነው፤ በሌላ በኩል በፕሬዚዳንቱ የአራት ዓመት ዘመን አጋማሽ ላይ የሚደረገው ምርጫ ነው። በዚያ ምርጫ 435ቱ የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በሙሉ፥ ከ100 የሴኔት መቀመጫዎችም አንድ ሦስተኛ ያህሉ ለሕዝብ ድምፅ ይቀርባሉ። ሁለቱም ሚድተርሞች በወርኃ ጽጌ ይገናኛሉ። እኛ ደግሞ በዚሁ ወር ጾሙ አለብን፤ ቅዳሜ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ አለብን። ይህ ሁሉ በአንድ ተማሪ ትከሻ ላይ ሲያርፍ የሚጣለው የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ የሚጣለው ምርጫው ነው። «ፈተና ስለ ነበረብኝ አልመረጥሁም» ማለት በመካከላችን እንደ በቂ ምክንያት ተቆጥሯል። እስቲ ይህን ምክንያት በወንጌል ፊት እንመዝነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ዐሥሩ ደናግል አስተምሮናል። ዐሥሩም መብራት ነበራቸው፤ ዐሥሩም ሙሽራውን ሊቀበሉ ወጡ፤ ሙሽራው ሲዘገይም ዐሥሩም አንቀላፉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምን ላይ ነው? አምስቱ ዘይት አስቀድመው ይዘዋል፤ አምስቱ አልያዙም። ሰነፎቹ ሙሽራውን የጠሉ አልነበሩም። ገበያም አልጠፋባቸውም፤ ወደ ገበያ የሄዱበት ሰዓት ግን በሩ የሚዘጋበት ሰዓት ሆነባቸው። ከባልንጀሮቻቸው ሊበደሩ ቢሞክሩም አልሆነም። መምህራን መብራቱን በሃይማኖት፥ ዘይቱን በምግባር መስለው ያስተምሩናል፤ የሰው ምግባር ለሌላ ሰው አይበደርምና።

ፈተናና ምርጫም በዚህ ይመሳሰላሉ። ጓደኛችን ምን ቢወደን በእኛ ወንበር ተቀምጦ አይፈተንልንም፤ እናታችንም ምን ብትራራልን በእኛ ስም ድምፅ አትሰጥልንም። ሁለቱም ቀን አላቸው፤ ሁለቱም በር አላቸው፤ በሩም ሲዘጋ ይዘጋል። የምርጫው ቀን፥ በመጀመሪያ ለፕሬዚዳንት ምርጫ በ1845 በወጣ ሕግ እንደ ተወሰነው፥ ከኖቬምበር የመጀመሪያ ሰኞ ቀጥሎ ያለው ማክሰኞ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሕዝብ ገበሬ ስለ ነበረ፥ መኸሩ ከገባ በኋላ እንዲሆን፥ ወደ ምርጫው የሚደረገውም ጉዞ ሰንበትን እንዳይሽር ታስቦ እንደ ሆነ ይነገራል። ስለ ተማሪ ፈተና ያሰበ አልነበረም፤ ዛሬም ቀኑ ለእኛ ተብሎ አይዛወርም። ስለዚህ መንቀሳቀስ ያለብን እኛ ነን።

ደግሞም «ፈተና አለብኝ» ብለን ምርጫን ከመተዋችን በፊት አንድ ነገር እናስብ። ብዙዎቹ ወላጆቻችን የመምረጥ መብት ያገኙት በፈተና ነው። ማታ ሲሠሩ አድረው፥ ቀን በእንቅልፍ ፈንታ የዜግነት ፈተናውን ጥያቄዎች ይዘው ሲያጠኑ አይተናቸዋል። ለብዙ ዓመታት ፈተናው ከ100 ጥያቄዎች እስከ 10 ተጠይቆ 6ቱን በትክክል መመለስ ነበር፤ ከ2025 መጨረሻ ወዲህ ለሚያመለክቱት ደግሞ ከብዷል። ለእነርሱ ፈተናው የምርጫ በር ነበረ። ለእኛ ያው ፈተና ምርጫን የምንሸሽበት በር ሊሆን ይገባልን?

ከእነርሱም በፊት በደቡባዊው የዚህ ሀገር ክፍል ጥቁሮች ፈተና እየተሰጣቸው ከምርጫ ይባረሩ ነበር። «የማንበብና የመጻፍ ፈተና» ይባል እንጂ ዓላማው እንዲወድቁ ነበር። ይህን ለማስቀረት ብዙ ተማሪዎች ሥጋት ውስጥ ገቡ። በ1964 ክረምት በሚሲሲፒ የመራጮችን ምዝገባ ለመርዳት የተሰለፉ ሦስት ወጣቶች በአንድ ሌሊት ተገደሉ፤ ዕድሜያቸው 20፥ 21 እና 24 ነበር። በመጋቢት 1965 በሰልማ ከተማ ከዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አጠገብ ከቆሙት አንዱ የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ያኮቮስ ነበሩ። በዚያው ዓመት ነሐሴ 6 ቀን የምርጫ መብት ሕግ ጸደቀ፤ ያ የማጥመጃ ፈተናም ከጊዜ በኋላ በመላ ሀገሪቱ ተከለከለ። የ18 ዓመት ወጣት በሀገሪቱ ሁሉ እንዲመርጥ የተፈቀደውም በ1971 ነው። እኛ ዛሬ በቀላሉ የምንተወው ነገር በሰው ደም የተገዛ ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 22 ቅዱስ ጳውሎስ ሊገረፍ ሲል ሮማዊ ዜግነቱን ጠቀሰ። ሻለቃው ዜግነቱን በብዙ ገንዘብ እንዳገኘ ሲነግረው፥ ጳውሎስ በልደት እንዳገኘው መለሰለት። በእኛም መካከል በልደት ያገኘ አለ፤ ወላጆቹ ብዙ የከፈሉበትም አለ። ሐዋርያው ሀገሩ በሰማይ እንደ ሆነ እያስተማረ በምድር የተሰጠውን መብት አልናቀውም።

«አንድ ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚል ወንድም አይጠፋም። በ2017 በቨርጂኒያ ለምክር ቤት በተደረገ ምርጫ በአንድ ወረዳ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። አሸናፊው በጥር 2018 በዕጣ ተለየ፤ በዚያም ዕጣ የምክር ቤቱ ብልጫ ወደ አንዱ ወገን አዘነበለ። ሐዋርያት ማትያስን በዕጣ ሲመርጡ አስቀድመው ጸልየው ነበር፤ በዚያ ወረዳ ግን ዕጣው የመጣው አንድ ሰው በመጉደሉ ነው። ያ ሰው ምናልባት ፈተና ያለበት ተማሪ ይሆን ነበር።

እንዲህ ስንል ፈተናውን እንናቅ ማለታችን አይደለም። ዳንኤልና ሦስቱ ጓደኞቹ በስደት ሀገር ሦስት ዓመት ተምረው በንጉሥ ፊት ተፈትነው አለፉ፤ ጸሎታቸውንም ጾማቸውንም አልተዉም፤ የሚኖሩበትንም መንግሥት በታማኝነት አገለገሉ። ወላጆቻችን በታክሲና በሆቴል ሥራ እየደከሙ የሚያስተምሩን እንድንወድቅ አይደለም። የገንዘብ እርዳታው በግሬድ የሚወሰንበት ተማሪም ጭንቀቱ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሁለቱ የሚጋጩት ሁለቱንም ለመጨረሻው ሌሊት ስናሳድራቸው ነው። እንግዲህ ዘይቱን አስቀድመን እንዴት እንግዛ?

አንደኛ፤ ትምህርት እንደ ተጀመረ የፈተናውን ቀንና የምርጫውን ቀን በአንድ ወረቀት ላይ እንጻፍ። ምዝገባው በአንዳንድ ስቴቶች፥ ለምሳሌ በቴክሳስ፥ ከምርጫው 30 ቀን አስቀድሞ ይዘጋል። ይህም ማለት ዘይቱ የሚገዛው መስቀል በሚከበርበት ሰሞን ነው።

ሁለተኛ፤ የት እንደምንመዘገብ እንወስን። ተማሪ በሚማርበት ከተማ ነዋሪ ሆኖ የመመዝገብ መብት እንዳለው በቴክሳስ የፕሬሪ ቪው ተማሪዎች ጉዳይ በ1979 በሀገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጸንቷል። በወላጆቻችን ቤት አድራሻ መቆየትም ይቻላል። በሁለቱም ቦታ ድምፅ መስጠት ግን ወንጀል ነው።

ሦስተኛ፤ ከወላጆቻችን ርቀን በዶርም የምንኖር ከሆነ በፖስታ የሚላከውን የድምፅ መስጫ ወረቀት በጊዜ እንጠይቅ፤ ፊርማውን ሳንረሳ በጊዜ እንመልስ። ብዙ ስቴቶች ከቀኑ አስቀድሞ በአካል መምረጥም ይፈቅዳሉ፤ በቨርጂኒያ ይህ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ይጀምራል። ፈተናው ሳይደርስ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው።

አራተኛ፤ እስከ ማክሰኞ የቆየንም ተስፋ አንቍረጥ። ጣቢያው በሚዘጋበት ሰዓት በሰልፍ ላይ ያለ ሰው የመምረጥ መብት አለውና ከሰልፉ አንውጣ፤ የፈተና ማስታወሻችንን ይዘን እንቁም። ስማችን ከመዝገብ ቢጠፋ ጊዜያዊ የድምፅ መስጫ ወረቀት እንጠይቅ።

አምስተኛ፤ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚከብዳቸውን እናቶችና አባቶች እናስብ። በ1982 በምርጫ መብት ሕጉ ላይ በተጨመረው አንቀጽ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ፥ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል በቀር፥ የፈለገውን ሰው ለእርዳታ ይዞ መግባት ይችላል። እኛ ግን ልናነብላቸው እንጂ ልንመርጥላቸው አይገባም።

እዚህ ላይ በብርቱ የምናሳስበው ነገር አለ። በመካከላችን ገና ዜጋ ያልሆኑ ብዙዎች አሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም፤ በ1996 በወጣው ሕግ ዜጋ ሳይሆን የመረጠ ይቀጣል፤ ከሀገር እስከ መባረርም ሊደርስ ይችላል። በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ወይም በግቢ ውስጥ ቅጽ ሲሰጠን ሳናነብ አንፈርም፤ «ዜጋ ነኝ» በሚለውም ላይ ዜጋ ሳንሆን ምልክት አናድርግ። ሳያውቅ የፈረመ ካለ አይደብቅ፤ ፈጥኖ የሕግ ባለሙያ ያማክር። በሌላ በኩል ወላጆቹ ዜግነት ሲቀበሉ ከ18 ዓመት በታች ሆኖ በቋሚ ነዋሪነት አብሯቸው የነበረ ልጅ፥ ከ2001 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ በዚያው ዜጋ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ወጣት ሊኖር ይችላልና ከቤተ ሰቡ ጋር ያጣራ። መምረጥ የማይችለውም ከበረከቱ አይጎድልም፤ የመራጩን ልጅ መጠበቅ፥ አረጋውያንን በመኪና ማድረስ፥ ለጓደኛ ማስታወሻ ማዋስ ይችላልና።

የትኛውን ፓርቲ እንምረጥ የሚለውን አንናገርም፤ ድምፅ ምስጢር ነው። ነገር ግን በማኅሌት ጎን ለጎን የቆምን ወንድሞችና እህቶች በዕጩ ምክንያት ሰላምታ እንዳንነፋፈግ እንጠንቀቅ። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 29 ለተማረኩት በላከው ደብዳቤ የተሰደዱባትን ከተማ ሰላም እንዲሹና ስለ እርስዋ እንዲጸልዩ አዝዟል። ድምፃችን ለዚያች ከተማ ሰላም ካልሆነ ለምንድን ነው?

የምርጫው ማታም ውጤቱን ለማየት ስልክ ላይ አናንጋ። ድምፃችንን ከሰጠን በኋላ ማየታችን ቍጥሩን አይለውጠውም፤ ማግስት ፈተና ያለበትን ተማሪ ውጤት ግን ይለውጣል። ጸልየን እንተኛ።

በልቡናችን እናድርገው፤ ልባሞቹ ደናግል ከሰነፎቹ ጋር እኩል አንቀላፍተው ነበር፤ ነገር ግን ዘይታቸውን ይዘው ስለ ተኙ እንቅልፋቸው አልጎዳቸውም። እኛም በጊዜ አጥንተን፥ በጊዜ ተመዝግበን፥ በጊዜ መርጠን ያለ ጭንቀት እንድናርፍ፥ ስደታችንን በወርኃ ጽጌ የምናስበው አምላክ፥ ከእናቱ ከእመቤታችን ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደው ጌታችን፥ ማስተዋሉን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።