የፓፈር ዓሣ ጠባይና የሌላውን ፍጡር ስሜት የማወቅ ጥያቄ

ፓፈር ዓሣ በቤት ውስጥ አኳሪየም ሲኖር ባለቤቱን ግራ የሚያጋቡ ነገሮች ያደርጋል። መስታወቱን ተከትሎ ለሰዓታት ሽቅብ ቁልቁል ይመላለሳል፤ ጭራውን አጥፎ አሸዋው ላይ ይተኛል፤ ወይም ማንም ሳይነካው ሆዱን በውኃ ሞልቶ እንደ ኳስ ይነፋል። ሁለቱን ዓይኖቹን ለየብቻ እያንቀሳቀሰ ሰውን ትኩር ብሎ ስለሚያይ፣ «ተከፋ» ወይም «ተቆጣ» ማለት ይቀላል። እነዚህ ቃላት ስለ ዓሣው እውነት ይናገሩ እንደሆነ ግን ፍልስፍና ሲወያይበት የኖረ ጥያቄ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቻይናዊው ፈላስፋ ጁዋንግዚ ከወዳጁ ከሁዪዚ ጋር ወንዝ ዳር ሲዘዋወር ዓሦቹ ደስ እንዳላቸው ተናገረ ይባላል። ወዳጁ፣ ዓሣ ያልሆነ ሰው ይህን ከየት ያውቃል ሲል ሞገተው። ጁዋንግዚም ነገሩን መልሶ በራሱ በሁዪዚ ላይ አዞረው፤ እርሱም ጁዋንግዚን አይደለምና ጁዋንግዚ የሚያውቀውን ከየት ያውቃል? ክርክሩ ቀላል ይምሰል እንጂ የዓሣን ስሜት ለማወቅ ዓሣ መሆን ግድ ከሆነ፣ የጎረቤትን ሐዘን ለማወቅም ጎረቤቱን መሆን ግድ ሊሆን ነው። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት በ17ኛው መቶ ዘመን እንስሳትን እንደ ሰዓት በራሳቸው ከሚሠሩ መሣሪያዎች ጋር አመሳስሎ ነበር። ፈላስፋው ቶማስ ኔግል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ስለ ሌሊት ወፍ በጻፈው ጽሑፍ፣ የአካሏ አሠራር ሁሉ ቢታወቅ እንኳ ሌሊት ወፍ ሆኖ መኖር ለራሷ ምን እንደሚመስል ሳይታወቅ እንደሚቀር ተከራከረ።

ከጥንት የመጣ ሌላ አተያይም አለ። በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ እንደተተረጎመ የሚታመነው ፊሳልጎስ የተባለው መጽሐፍ እያንዳንዱን እንስሳ ለሰው መንፈሳዊ ትምህርት የሚሆን ምሳሌ አድርጎ ያነባል። ለስብከት ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እንስሳው በራሱ ምን እንደደረሰበት ለሚጠይቅ ሰው ግን መልስ አይሰጥም፤ ራሱ የተከፋ ባለቤት ዓሣውን እንደተከፋ አድርጎ ሲያይም እንዲሁ የሰውን ነገር በእንስሳው ላይ ያነባል።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ፓፈር ወደ ቀንድ አውጣው ይጠጋል፤ በአንድ በኩል ያየዋል፤ ዞሮ በሌላው ያየዋል፤ አፉን አስጠግቶ ይነክሳል፤ ወዲያው ይተፋዋል። ይህ በየቀኑ ከተደጋገመ «ምግብ አስጠላው» ይባላል። እውነቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። የፓፈር ጥርሶች ተጋጥመው እንደ መንቁር የሆኑ አራት ሳህኖች ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ያድጋሉ፤ የሚያሳጥራቸውም ጠንካራ ዛጎል መስበር ነው። ለስላሳ ምግብ ብቻ ሲሰጠው መንቁሩ ረዝሞ አፉን ይዘጋበታል። ስለዚህ የሰለቸው የሚመስለው ዓሣ እየተራበ ነው፤ የሚያድነውም በማደንዘዣ ጥርሱን የሚቆርጥለት ሐኪም ነው።

የሥነ ልቦና ሊቁ ኮንዊ ሎይድ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ1894 ያስቀመጠው መርህ እዚህ ላይ ይሠራል፤ በቀላል ምክንያት የሚገለጽን ጠባይ በረቀቀ የአእምሮ ሥራ መግለጽ አይገባም። መርሁ ግን ዓሣው ምንም አይሰማውም አይልም። ተመራማሪዋ ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ትራውት በተባለ ዓሣ ላይ ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች መኖራቸውን አሳይተዋል፤ ከንፈራቸው ላይ አሲድ የተወጉት ዓሦች ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ያሹ ነበር። ዓሣ እንደ ሰው ያለ የአንጎል ቅርፊት የለውምና ሕመም አይሰማውም የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

ጥንቃቄ ግን የክርክሩን ፍጻሜ መጠበቅ የለበትም። የኦሪት ሕግ እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ሲያዝ በሬው ምን እንደሚያስብ አስቀድሞ አልመረመረም፤ የሚሠራውና የሚርበው መሆኑ በቂ ነበር። ለዓሣም ይኸው ይበቃል። በወንዝ ያለ ዓሣ ውኃው ሲበላሽበት ይሸሻል፤ በመስታወት የታጠረው ግን መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ መሸሹን የወሰደበት ሰው ውኃውን የመጠበቅ ኃላፊነቱንም አብሮ ወስዷል።

የዓሣውን ስሜት ከመሰየም በፊት ውኃው ይለካል። ፓፈር የሌሎች ዓሦች ዓይነት ቅርፊት ስለሌለው ለአሞኒያና ለናይትራይት በጣም ስስ ነው፤ ሁለቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። አዲስ ገንዳ ውስጥ እነዚህን መርዞች የሚለውጡት ባክቴሪያዎች እስኪባዙ ሳምንታት ይወስዳል። አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት መነፋቱ ብዙ አያስጨንቅም፤ ደጋግሞ ከተነፋ ግን የሚያስፈራው ነገር ይፈለጋል፤ መነፋት ብዙ ጉልበት ይፈጃልና። በመረብ ከውኃ ማውጣትም አይገባም፤ አየር ከዋጠ ማስወጣት ይቸገራል። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ዓይኑን ብቻ ማውጣት ደግሞ ለአንዳንዶቹ ዝርያዎች የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ በዓባይ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ የሚኖረው ፋሃካ የተባለው ፓፈር ይህን ያደርጋል።

ውኃው ንጹሕ፣ ጥርሱ ጤነኛ፣ ምግቡ የተስተካከለ ሆኖ መስታወቱን ተከትሎ መመላለሱ ካልቆመ፣ የሚቀረው መኖሪያው ራሱ ነው። ባዶ ገንዳ መደበቂያ ድንጋይና ተክል ይጨመርበታል፤ ነጸብራቁ የሚያስቸግረው እንደሆነ አንዱ ገጽ ይሸፈናል። ፋሃካ ደግሞ ከ40 ሴንቲሜትር በላይ ሊያድግ ስለሚችል፣ ትንሽ ሳለ የተገዛለት ገንዳ ሲያድግ አይበቃውም፤ ሰፊ ገንዳ ማዘጋጀት የማይችል ባለቤት ሰፊ ቦታ ላለው ሰው ሊያስረክበው ይገባል።