«አልተገኘም» እና «የለም»

ዕውቀትን በአቋራጭ መሻት በደል ነውን? የዛሬው ተማሪ ጥያቄውን ለኢንተርኔት አቅርቦ በቅጽበት መልስ ይቀበላል። መሣሪያው የሰው ልጅ የሥራ ውጤት ነውና አይነቀፍም። ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ዝም ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪው «አልተገኘም» የሚለውን «የለም» ብሎ ይተረጉመዋል።

ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ1936 ዓ.ም. ተቋቋመ። በዚያ ዘመንና ከዚያም በፊት በአገራችን ከተጻፈው ብዙው ዛሬም በወረቀትና በብራና ላይ ብቻ ይገኛል። ይህን ሳይገልጡ ስለ አገር ታሪክ መደምደም ምስክር ሳይሰሙ እንደ መፍረድ ነው።

ይሁን እንጂ ወቀሳው በተማሪው ላይ ብቻ አይወድቅም። መምህሩ ከኢንተርኔት እንዳለ ለተገለበጠ ጽሑፍ ሙሉ ማርክ ከሰጠ፣ የቤተ መጻሕፍቱም ሠራተኛ አንባቢን እንደ ሌባ ከተመለከተ፣ ተማሪው ስለምን ይደክማል? እንግዲህ ወረቀቱን ወደ ኢንተርኔት ማድረስ፣ ተማሪውንም ወደ ወረቀቱ መምራት የሁላችንም ግዴታ ነው። ጽፈው ያለፉት ሰዎች ራሳቸው ተነሥተው ሊመሰክሩ አይችሉምና ፈልጎ ማንበብ የእኛ ዕዳ ነው።