ጸበልና መድኃኒት፤ ስለ ሕፃናት ሕይወት



እናትና አባቱ የሞቱበትን የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት አሮጊት ወደ ንስሐ አባታቸው ቀርበው፦ «አባቴ፤ ልጁ ኤች አይ ቪ በደሙ አለ ተብሎ ከጨቅላነቱ ጀምሮ መድኃኒት ይወስዳል። አሁን ግን በምርመራ አይታይም ተባልሁ። ጸበል እየጠጣ መድኃኒት መዋጡ እምነት ማጉደል አይሆንብኝምን?» ብለው ጠየቁ እንበል። ካህኑ ምን ይመልሱላቸው? በዚህ መልስ የአንድ ሕፃን ሕይወት ይጠበቃል ወይም ይጠፋል።

አስቀድሞ የደዌውን ጠባይ ማወቅ ይገባል። ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሕክምና ካላገኙት ሕፃናት ግማሽ ያህሉ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ። በደቡብ አፍሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ግን በተወለዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መድኃኒቱ የተጀመረላቸው ሕፃናት ሞት፣ ሕመሙ እስኪጸና ከተጠበቁት ይልቅ በ76 ከመቶ ማነሱን አሳየ። በሀገራችንም መድኃኒቱ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ክፍያ መታደል ከጀመረ ወዲህ፣ ሞታቸው ይጠበቅ ከነበሩት ሕፃናት መካከል አድገው ትዳር የያዙ፣ ከቫይረሱ ነፃ የሆነ ልጅም የወለዱ አሉ።

ነገር ግን መድኃኒቱ ቫይረሱን እንዳይራባ ይገታዋል እንጂ ከሥሩ አይነቅለውም። ስለዚህ «አይታይም» ማለት ጠላቱ ተሸሸገ ማለት ነው እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም። መድኃኒቱ ቢቋረጥ ተመልሶ ይበረታል፤ አወሳሰዱ ቢቆራረጥም መድኃኒቱን ይለምደዋል።

«እግዚአብሔር ፈዋሽ ከሆነ መድኃኒት ስለ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። ነቢዩ ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የመዳንን ቃል ካመጣለት በኋላ በቍስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያደርጉለት አዘዘ፤ የተስፋው ቃል በለሱን አልከለከለም። ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ እንደማይቃረኑ ለምእመናን ገልጸዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ጎልማሳ ስለ ራሱ ይወስናል፤ ሕፃን ግን በአሳዳጊው እጅ የተሰጠ አደራ ነው። ዲያብሎስ ጌታን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በጠየቀው ጊዜ፣ ይህ እግዚአብሔርን መፈታተን ስለሆነ ጌታ እምቢ አለ። ራስን መወርወር እንዲህ ከተነቀፈ፣ በእምነት ስም ሕፃንን ከጫፍ መወርወርማ ምን ይባላል?

ደዌውን የወላጆቹ ኃጢአት ፍዳ አድርገን በልጁ ፊት መናገርም አይገባንም። ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ማን እንደ በደለ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታ ሰውየውም ወላጆቹም በደለኞች አለመሆናቸውን ነገራቸው፤ ከዚያም ዓይኑን በምራቅና በጭቃ ቀብቶ ወደ ሰሊሆም ውኃ ላከው።

እንግዲህ ካህኑ፦ «እናቴ፤ ጸበሉን ያጠጡት፤ መድኃኒቱንም በሰዓቱ ይስጡት፤ በሁለቱም ጊዜ ስመ ሥላሴን ይጥሩ። ፈውሱ ሲመጣ ሐኪሙ መስክሮ ይነግረናል፤ እስከዚያ ግን አደራዎን ይጠብቁ» ይበሏቸው። እንዲህ ያለ መልስ እምነትን አያጎድልም፤ ሕፃኑንም ያኖራል።