21 ዓመት ያልሞላው

በኢትዮጵያ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮልና ትምባሆ መሸጥን የከለከለው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። አዋጁ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ክርክር የሚያስነሳው ዕድሜው ነው። ሰው በ18 ዓመቱ ይመርጣል፣ ያገባል፣ ውል ይፈርማል፤ የገዛ ሠርጉን ቢራ ግን መግዛት አይችልም። ሕፃን የሚጠበቀው ማመዛዘኑ ስላልበሰለ ነው፤ ይህ ለ19 ዓመት ሙሽራ አይሠራም። ለእሱ የሚቀርበው ምክንያት ሱስ ነው፦ ዛሬ በነፃነት የተጀመረ ነገር የነገን ነፃነት ይበላል። ምክንያቱ ጠንካራ ነው፤ ለ30 ዓመት ሰውም ስለሚሠራ ግን 21 ላይ ለምን እንደሚያቆም አያስረዳም።

ክልከላው የሚይዘው ሻጩን ነው። የልደታ ክፍለ ከተማ ግሮሰሪ መታወቂያ ሊጠይቅ ይችላል። ለግንቦት ልደታ ጎረቤት ደጅ ላይ ንፍሮና ቡና ይዞ ሲሰበሰብ ለልጇ ቅራሪ የምትቀዳ እናት ግን ሻጭ አይደለችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36ም የሕፃናትን ደኅንነት እንዲያስቀድሙ የሚያዘው ተቋማትን፣ ፍርድ ቤቶችንና ሕግ አውጪውን ነው። ደጅ ላይ «ይብቃህ» የሚለው ልጁን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ግሮሰሪው ልጁን አያውቀውም፣ ከመጠጡም ያተርፋል።