ለዓይናችን ሲባል የተወለደ ዓሣ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በወንድሜ ቤት 3 ሳምንት ያህል በእንግድነት ተቀምጬ ነበር። በሳሎኑ ማዕዘን 200 ሊትር ገደማ የጨው ውኃ የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ቆሟል፤ አኳሪየም ይሉታል። የገንዳው ባለቤት የወንድሜ ልጅ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ዕድሜው 15 ዓመት ነበር። በውኃው ውስጥ ክላውንፊሽ የተባለች፣ ብርቱካናማ መልክ ያላትና ሦስት ነጭ መቀነት የታጠቀች አንዲት ዓሣ 4 ዓመት ብቻዋን ኖራለች። ልጁ የጎረቤት ሣር እያጨደ ባጠራቀመው ገንዘብ ጓደኛ ሊገዛላት ካሰበ ወራት አልፈውታል። የፈለገውም ተራውን ዓሣ ሳይሆን «ፕላቲነም» የሚባለውን፣ ከፊቱና ከክንፎቹ በቀር ሰውነቱ ሁሉ እንደ ወተት የነጣውን ነበር።

ሻጩ «ወንድ ነው» ብሎ ሰጠው። መጠኑ ከነባሪዋ እምብዛም አያንስም ነበር። በመጀመሪያው ማታ ሁለቱ ዓሦች ተያዩ፤ በማግሥቱ መነካከስ ጀመሩ፤ በአራተኛው ቀን ጧት ነጩ ዓሣ ክንፎቹ ተቦጫጭቀው፣ ከውኃ ማሞቂያው ሥር ሞቶ ተገኘ። ልጁ በመረብ ካወጣው በኋላ ለረጅም ጊዜ ቆሞ ተመለከተውና፣ «አጎቴ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?» ሲል ጠየቀኝ። እኔም ላጽናናው ብዬ፣ «ዓሣ እኮ ነው ልጄ፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይናገር ወደ ክፍሉ ገባ።

ውድ አንባብያን፣ ይህ መልሴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲቆረቁረኝ ኖሯል። ልጁ ያነሣው ጥያቄ ስለ አንድ ዓሣ ሞት ብቻ አልነበረም። አንድ ፍጡር መልኩ ለዓይናችን እንዲስማማ ተብሎ በእኛ ምርጫ ከተወለደ፣ ለእርሱ ያለብን ኃላፊነት ከሌሎቹ ፍጡራን ያንሳልን ወይስ ይበልጣል? ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ዓሣውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ እኔም ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው።

ክላውንፊሽ በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራባዊው ፓሲፊክ፣ በኮራል መካከል የሚኖር ትንሽ ዓሣ ነው። ከወገኖቹ አንዱ፣ ባለ ሁለት መቀነቱ፣ በቅርባችን በቀይ ባሕር ይገኛል። ቤቱ አኔሞኒ የሚባል፣ እንደ አበባ ተዘርግቶ በሚናደፉ ክንዶቹ የሚያድን የባሕር እንስሳ ነው። ሌላውን ዓሣ የሚገድለው ንድፊያ ይህን አይጎዳውም። የጀርመኑ ተመራማሪ ሐንስ ፍሪከ የቀይ ባሕሩን ዓሣ ባሕር ውስጥ ጠልቀው ካጠኑ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ከሲሞን ፍሪከ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ የእነዚህን ዓሦች አስደናቂ ሥርዓት ለዓለም አስታውቀዋል። ክላውንፊሽ ሲያድግ መጀመሪያ የሚሆነው ወንድ ነው። በአንድ አኔሞኒ ውስጥ ከሚኖሩት መካከል ትልቋ አንዲት ብቻ ሴት ትሆናለች፤ በመጠን ሁለተኛው ባሏ ነው፤ የቀሩት ታናናሾች ሳይዋለዱ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሴቲቱ ከሞተች ባልየው ራሱ ወደ ሴትነት ይለወጣል፤ ከታናናሾቹም ትልቁ በእርሱ ቦታ ይተካል። አንድ ጊዜ ሴት የሆነ ግን ወደ ወንድነት አይመለስም። ፒተር በስተን የተባሉ ተመራማሪም በፓፑዋ ኒው ጊኒ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያሳትሙ፣ ታናሹ ዓሣ ከበላዩ ያለውን እንዳይደርስበት የገዛ ዕድገቱን እንደሚገታ አሳይተዋል። በትልቁ ዓይን ተቀናቃኝ መስሎ ከመታየትና ከመባረር ትንሽ ሆኖ መኖርን ይመርጣል ማለት ነው። (በዚያው ዓመት የወጣውና ልጆች ሁሉ የወደዱት «ፋይንዲንግ ኒሞ» የተባለው ፊልም፣ ሚስቱ የሞተችበት ክላውንፊሽ ልጁን ፍለጋ ባሕር ሲያቋርጥ ያሳያል። እንደ ተፈጥሮው ቢሆን አባትየው እናት በሆነ ነበር፤ ይህን ግን ለልጆች ማስረዳት ሳይከብዳቸው አልቀረም።)

እንግዲህ የወንድሜ ልጅ አንድ ገንዳ ውስጥ ያገናኘው ሁለት ሴቶችን ነበር። ብቻዋን ለብዙ ጊዜ የኖረች ዓሣ ሴት ልትሆን እንደምትችል፣ በመጠን የምትስተካከላትም ሌላ ዓሣ ለእርስዋ ጠላት እንጂ ባል እንደማይሆናት አላወቀም። በባሕር ቢሆን የተሸነፈው ይሸሻል፤ ሽሽቱ በሌላ አዳኝ አፍ ያልቅ ይሆናል፣ ቢሆንም መሸሻ አለው። በ200 ሊትር ውኃ ውስጥ ግን ወዴት ይሸሻል?

ይህን ዓሣ ማዋለድ የተጀመረው ብዙ ዘመን አይሆነውም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማርቲን ሞ የተባሉ የባሕር ሕይወት ሊቅ በፍሎሪዳ ለገበያ በሚበቃ መጠን አራቡት። ሥራው ቀላል አይደለም። እናቲቱ በመቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎችን በድንጋይ ላይ ታጣብቃለች፤ አባትየው በክንፉ እያራገበ፣ የተበላሸውን በአፉ እየለቀመ አንድ ሳምንት ያህል ይጠብቃቸዋል። የሚፈለፈሉት በጨለማ ነው። አራቢው እጮቹን ሮቲፈር የተባሉ ጥቃቅን እንስሳት ይመግባቸዋል፤ ሮቲፈሮቹ ደግሞ በአልጌ መመገብ አለባቸው። በ10 ቀን ገደማ ነጩ መቀነት ብቅ ማለት ሲጀምር የአራቢው ደስታ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ይህ ድካም ለባሕሩ ውለታ ውሏል። ከ1960ዎቹ ጀምሮ በፊሊፒንስ ባሕሮች ለአኳሪየም የሚሆኑ ዓሦችን ለመያዝ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ይረጭ ነበር፤ መርዙ ዓሣውን ያደነዝዛል፣ ኮራሉን ይገድላል። በገንዳ የተወለደ አንድ ዓሣ በተሸጠ ቁጥር ከባሕር የሚያዝ አንድ ዓሣ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ «ማዋለዱ ራሱ ክፉ ነው» የሚሉትን አልስማማቸውም።

የአሁኑ ገበያ ግን በዚህ አላበቃም። አንዳንዱ ከባሕር ከተያዘ ያልተለመደ ዓሣ፣ አንዳንዱም በማራቢያ ገንዳ ውስጥ ድንገት ከታየ ለውጥ ተነሥቶ፣ ጥለቱ የተዘበራረቀ፣ መቀነቱ የተንዠረገገ፣ ጨርሶ የነጣ ወይም የጠቆረ ዝርያ በምርጫ ተዋልዷል። ስማቸውም የሸማ ዓይነት ይመስላል፦ «ፒካሶ»፣ «ስኖውፍሌክ»፣ «ብላክ አይስ»። አዳም ስም ያወጣው ላገኛቸው እንስሳት ነበር፤ እኛ አስቀድመን ስሙን አውጥተን ለስሙ የሚስማማ ዓሣ እንፈልጋለን። ሁለት «ፒካሶዎች» ቢጣመሩ ከልጆቻቸው በግምት 25 በመቶው «ፕላቲነም»፣ ግማሹ «ፒካሶ»፣ የቀረው 25 በመቶ ደግሞ ተራ ብርቱካናማ ሆኖ ይወጣል። ከአንድ እናትና አባት፣ በአንድ ሌሊት ተፈልፍለው፣ አንዱ በብዙ እጥፍ ዋጋ ሲሸጥ ሌላው በርካሽ ይወረወራል። የታመሙ ወይም አካላቸው የተጣመመ ሲገኙ አራቢው ይገድላቸዋል፤ ሥቃይ ለማሳጠር ከሆነ አልነቅፈውም። ጤነኛውን ግን ጥለቱ ስላላማረ ብቻ መጣል ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸውም አይገባኝም።

አንድ ክርክር ከዓሣ ወዳዶች አፍ ደጋግሜ ሰምቻለሁ፦ «ይህ ዓሣ ባሕርን አያውቅም፤ ሰው ባያዋልደው ኖሮም ከነጭራሹ አይኖርም ነበር፤ ታዲያ ምን ተበደለ?» የመጀመሪያው ሐሳብ እውነትነት አለው። በገንዳ የተወለደ ክላውንፊሽ ያለ አኔሞኒ እንኳ ደኅና ይኖራል፤ ያላየውን ባሕር ይናፍቃል ለማለትም ማስረጃ የለኝም። ሁለተኛው ግን እንደ ምክንያት ሲቀርብ ያስደነግጠኛል። አንድ አባት ልጁን፣ «እኔ ባልወልድህ ኖሮ አትኖርም ነበር፤ ስለዚህ ብትራብ አልበደልሁህም» ቢለው ማን ይቀበለዋል? ለመኖሩ ምክንያት መሆናችን ዕዳውን አይሰርዝልንም፤ እንዲያውም ዕዳው የሚጀምረው ከዚያ ነው። የባሕሩ ዓሣ ቢራብ ወይም ቢበላ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም። የገንዳው ዓሣ ግን ውኃው ቢቆሽሽ፣ መብራት ጠፍቶ ቢቀዘቅዝ፣ የማይስማማው ጓደኛ ቢመጣበት፣ ከባለቤቱ በቀር የሚጠየቅ የለም። ሲሰለቸን ወደ ባሕር ልንመልሰው እንኳ አንችልም፤ ያ ነጭ ገላ ከአዳኝ አይሰወርም፤ በገንዳ የያዘውንም በሽታ ለባሕሩ ያወርሳል። በመልካም አያያዝ ከ20 ዓመት በላይ የኖሩ ክላውንፊሾች አሉ። በ15 ዓመቱ የገዛ ልጅ ትዳር ከያዘም በኋላ የእርሱ ጠባቂ ነው።

በአገራችን ገበሬ በሬውን ይቀልባል፤ በሬውም ያርስለታል። በመካከላቸው ውል ያለ ያህል ነው፤ ባረጀ በሬ የሚጨክን ሰውም በመንደሩ ይታማል። ዓሣው ግን አያርስም፣ አይታለብም፣ ሌባ ሲመጣ አይጮህም። የሚሰጠን መልኩን ብቻ ነው፤ መልኩንም የመረጥንለት እኛ ነን። ስለዚህ በእርሱና በእኛ መካከል ያለው ነገር ሁሉ በእኛ በኩል ያለ ነው፤ «የድርሻህን አላደረግህም» ልንለው አንችልም።

ፈላስፋው ካንት በእንስሳ ላይ የሚጨክን ሰው ልቡ በሰው ላይም እንደሚደነድን፣ ለእንስሳ መራራት የሚገባውም በመጨረሻ ስለ ሰው ሲባል እንደሆነ ያስተምር ነበር። አባባሉ ለልጆች አስተዳደግ መልካም ነው፤ ነገር ግን የወንድሜ ልጅ ስለ ራሱ ልብ አልጠየቀኝም፤ የጠየቀኝ ስለ ዓሣው ነው። ዓሣ ሕመም ይሰማዋል ወይ የሚለው ክርክር ዛሬም በሊቃውንቱ ዘንድ አልተዘጋም። ሆኖም ሊን ስኔዶንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ትራውት በተባለው ዓሣ ራስ ላይ ጎጂ ነገርን የሚለዩ ነርቮች መኖራቸውንና ዓሣው ሲጎዳ ጠባዩ እንደሚለወጥ አሳይተዋል። የክርክሩን መቋጫ ሳንጠብቅ፣ ከማሞቂያው ሥር የተሸሸገው ዓሣ ሊያመልጠው የሚፈልገው ነገር እንደነበረ ማየት ይቻላል።

ይህ ሲባል መልክን መምረጥ ሁሉ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። ሰው ከጥንት ጀምሮ የዘሩን እህልና የበረቱን ከብት ሲመርጥ ኖሯል። ነጭ መሆን ብቻውን ዓሣውን እንደሚያሠቃየው አላየሁም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በማራቢያ ቤቶች ውስጥ መንጋጋቸው የተጣመመ፣ ስንጥባቸውን የሚከድነው አካል ያጠረባቸው ዓሦች ይወጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በእጭነታቸው የነበረው የምግብና የውኃ ጉድለት ነው። ጥለታቸው ካማረ ግን ገዥ አያጡም፤ ዓይን በቀለሙ ተይዞ ጉድለቱን አያይም። ሻጩም ስለ ጥለቱ ሲጠየቅ ረጅም ታሪክ ይናገራል፤ ስለ መጠኑና ስለ ጾታው ግን «ወንድ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ያልፋል። እኛስ ቀለሙን እንጂ ሌላውን መቼ ጠየቅነው?

«ሰው በተራበበት ዓለም ስለ ዓሣ ቀለም ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፤ ለአንድ ዓሣ ብዙ መቶ ዶላር የሚከፍል ሰው ይህን ጥያቄ ለራሱ ማቅረብ ይገባዋል። ዓሣው ከተገዛ በኋላ ግን የተራበውን ሰው እያነሡ ዓሣውን መበደል፣ ሁለቱንም መበደል ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ አብረን ተቀምጠን የሚጠይቀውን በሙሉ መረመርን። ሁለት ዓሦችን ለማጣመር ገና ሳይጎለምሱ አንዱ ከሌላው በግልጽ እንዲያንስ ማድረግ እንደሚሻል፣ ነባሪ ሴት ካለች የሚመጣው በጣም ትንሽ መሆን እንዳለበት፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናትም ቀዳዳ ባለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ሳይነካኩ እንዲተያዩ ማድረግ እንደሚገባ አነበብን። ታናሹ ከታላቋ ፊት ገላውን ዘንበል አድርጎ ከተንቀጠቀጠ መገዛቱን ገለጸ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሣጥኑ ይከፈታል። ይህ ካልታየ መልሶ ለመውሰድ የተዘጋጀ ሻጭ ወይም ሌላ ገንዳ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ የማይቻል ከሆነስ? «ብቻዋን ትኖራለች» አለ ልጁ። ከዚያም፣ «አጎቴ፣ ያን ቀን ያልኸኝ እኮ ልክ አልነበረም» አለኝ። አዎን፣ ልክ አልነበረም፤ እንዲህ ብዬም መለስሁለት፦ አልጠላኸውም፣ ልትገድለውም አላሰብህም፤ ነገር ግን ሳታውቅ ያደረግኸው ነገር ነው የገደለው፤ ማወቅም ያንተ ፈንታ ነበር። አለቀሰ። ከመጀመሪያው መልሴ ይልቅ በዚህኛው የተጽናና መሰለኝ።

ከአምስት ወር በኋላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የጥፍር ያህል የሆነች፣ ተራ ብርቱካናማ፣ ማንም ያልፈለጋት አንዲት ዓሣ በርካሽ ገዝቷል። በሣጥኑ ውስጥ 9 ቀን አቆይቷታል። በአሥረኛው ቀን ጧት ከትምህርት ቤት በፊት ሲያይ፣ ትንሿ በጎንዋ ተጋድማ ትንቀጠቀጥ ነበር፤ ትልቋም ፊቷን አዙራ ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። ሣጥኑን ከፍቶ ውጤቱን ለማየት ሲጠብቅ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አመለጠው።