ርካሽ የሚባለው ክንድ

እሑድ ማለዳ በሐዋሳ መናኸሪያ ቆሞ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከይርጋለም፥ ከአለታ ወንዶ፥ ከዲላና ከሶዶ የሚመጡት መኪናዎች ወጣት ሴቶችን ያወርዳሉ፤ የያዙትም ማዳበሪያና ዘንቢል ቆጮና የበቆሎ ዱቄት፥ አንዳንድ ጊዜም በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ የሞላበት ነው። ወደየመንደራቸው ሲመለሱ ግን ያው ማዳበሪያ ባዶውን ታጥፎ ይሄዳል። እኛም ይህን ብዙ ጊዜ እያየን ስናልፍ ከቆየን በኋላ፥ የዚህ ማዳበሪያ ነገር ምን እንደ ሆነ ልንመረምር ወደድን።

ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በከተማው ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። ፓርኩ በቻይና ሥራ ተቋራጭ በጥቂት ወራት ተሠርቶ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፥ እስከ 60,000 ለሚደርስ ሰው ሥራ ያስገኛል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ሥራው ግን ከእስያ በእንግድነት የመጣ ነው። በቻይና የሠራተኛው ደመወዝ ከፍ እያለ ሲሄድ፥ በባንግላዴሽም ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፥ የልብስ ነጋዴዎች ሌላ ስፍራ ይፈልጉ ጀመር፤ ፍለጋቸውም ከሐይቃችን ዳር አደረሳቸው።

ሥራ ከአገር ወደ አገር መሰደዱ አዲስ ነገር አይደለም። በጃቫ ደሴት ሸንኮራ ያለማ የነበረው የኔዘርላንድ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ኢንዶኔዥያ ነጻ ከወጣች በኋላ ወደ እኛ ዘንድ መጥቶ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. አስከፍቷል። በአሜሪካም የሎዌል ከተማ የጥጥ ፋብሪካዎች፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1820ዎቹ ጀምሮ፥ የገበሬ ልጃገረዶችን ከየመንደሩ እየሰበሰቡ በማደሪያ ቤት አኑረው ያሠሩ ነበር። ልጃገረዶቹም በ1834 ደመወዝ ቢቀነስባቸው፥ በ1836 ደግሞ የማደሪያው ዋጋ ቢጨመርባቸው ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ኋላ ሥራው ኑሮ ወደሚረክስበት ወደ ደቡቡ ወደ ካሮላይና ወረደ፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ እስያ ገባ። የሚያስገርመው፥ በ2015 ኪር የተባለ የቻይና ኩባንያ በደቡብ ካሮላይና የፈትል ፋብሪካ መክፈቱ ነው። ሥራው ዞሮ ዞሮ ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው፤ ነገር ግን የተመለሰው ወደ ሎዌል አይደለም።

እንግዲህ ሥራ ሁልጊዜ ርካሹን ክንድ ተከትሎ የሚሄድ ከሆነ፥ ርካሽ መሆን ለድኻ አገር መልካም ዕድል ነውን? ወይስ ነውር? በቋንቋችን «ርካሽ ዕቃ» ማለት ገዢን የሚያስደስት ቃል ነው፤ «ርካሽ ሰው» ማለት ግን ስድብ ነው። ይህን እያወቅን ባለሀብትን ወደ አገራችን ስንጋብዝ «ርካሽ የሰው ጉልበት አለን» ብለን ስናውጅ ኖረናል። በሴት ልጁ ክንድ ርካሽነት የሚመካ አባት ቢገኝ ጎረቤቱ ምን ይለው ይሆን?

ሆኖም ተቃራኒውን አሳብ በቀላሉ ልንንቀው አንችልም። መሬቱ በጠበበበት ቀበሌ ተወልዳ፥ ትምህርቷን ከአሥረኛ ክፍል ላይ ላቋረጠች ልጅ፥ በገዛ ስሟ የሚከፈል ደመወዝ ትልቅ ነገር ነው። ማንም አስገድዶ አላመጣትም። ትንሽ ደመወዝ ከምንም ይሻላል የሚሉት ሰዎች ከመንደር ተነሥተው ቢጠይቁ እርሷም ይህንኑ ትመልስላቸዋለች። እኛም ፋብሪካው ባይኖር ይሻል ነበር አንልም።

ነገሩ የሚከብደን ወደ ማዳበሪያው ስንመለስ ነው። በ2011 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት የመነሻው ደመወዝ በወር 26 ዶላር ያህል እንደ ነበረ ገልጿል፤ በዚያው ጊዜ የባንግላዴሹ 95 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ቤት የሚከራዩት ሦስትና አራት ሆነው ነው፤ ኪራዩ ከተከፈለ በኋላ የጐደለውን ምግብ የሚሞላው ከገጠር የሚመጣው ቆጮ ነው። ስለዚህ ያ ክንድ በእውነቱ ርካሽ አልነበረም፤ የዋጋውን እኩሌታ የሚከፍል ሌላ ሰው ስላለ ርካሽ መሰለ እንጂ። እንሰት ፍቃ ቆጮ የምትልክ እናት፥ በማታውቀው አገር በማታውቀው ሱቅ ለሚሸጠው ሸሚዝ ድጎማ ትሰጣለች። ሀብታሙ ገዢ ከድኻዪቱ ገበሬ እርዳታ ይቀበላል ማለት ነው፤ ይህንንም በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ተጽፎ አላየንም።

በፈቃዷ መጥታለች የሚለውም ክርክር ቢሆን የሚደርሰው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው። ልጅቱ ብትፈቅድ ስለ ራሷ ፈቀደች፤ እናቷን ግን በውሉ ላይ ማንም አልጠየቃቸውም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞቹ በብዛት ሥራውን እየተዉ ሲሄዱ፥ የፋብሪካ ልማድ ስለሌላቸው ነው ተባለ። ከፊሉ እውነት ይሆናል። ነገር ግን የምትሠራበት ደመወዝ የማያበላትን ሰው «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ሒሳቡን ብናየው መልካም ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 መንግሥት፥ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲኖርና የደመወዝን ወለል እየመረመረ እንዲወስን ደንግጓል። ወለሉ ከፍ ካለ ነጋዴው ይሄዳል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፥ ሊሄድ ይችላል። ግን ደመወዙ ሳይጨምርም ሄዷል። በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችንን ከአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስታስወጣ፥ ከፓርኩ ቀዳሚ እንግዶች አንዱ የነበረው ፒቪኤች ፋብሪካውን መዝጋቱን አስቀድሞ በኅዳር አስታውቆ ነበር። ርካሽነታችን አላስቀረውም።

ባለፈው እሑድ አንዲት እናት ልጃቸውን አድርሰው ሲመለሱ በመናኸሪያው አገኘናቸው። እንደ ደንቡ ሰላምታ ከሰጠናቸው በኋላ፥ «እማማ፥ ልጅዎ ደመወዟ ይበቃታል?» ብለን ጠየቅናቸው። «እሱማ ለቤት ኪራይ ነው» አሉን። ቀጥለውም ልጃቸው የምትሰፋው ሸሚዝ ባሕር ማዶ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቁን። የምናውቀውን ያህል በብር አስልተን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፥ «ለአንዱ ብቻ?» አሉ። የዲላው መኪና ረዳት ይጣራ ስለ ነበረ፥ ባዶውን ማዳበሪያ በብብታቸው ይዘው ተሳፈሩ።